ከጦርነት የተረፈ አረንጓዴ

ስለ ተሽከርካሪዎች የሚጽፉ ሰዎች ስለ ሞተር ኃይልና ስለ ፍጥነት ብዙ ሲተርኩ፣ ላሜራውን ስለሸፈነው ቀለም ግን ጥቂት ተናግረው ያልፋሉ። ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ በገጠር፣ በበረሃና በተራራ ሲያገለግል የኖረው የእንግሊዞች ላንድ ሮቨር ታሪኩ በቀለሙ በኩል ቢመረመር፣ የአንድ መንግሥት ችግርና ትጋት፣ የአንድ ሠራዊት ልማድ፣ ደግሞም ከፋብሪካ የተባረረው የብሩሽ ጥበበ እድ በአንድነት ተጽፈውበት ይገኛሉ። ዛሬ አንድ ሰው በአሮጌ ላንድ ሮቨር ፊት ቆሞ፣ ብሩሹንና የቀለሙን ቆርቆሮ ይዞ፣ የትኛውን ኅብረ ቀለም ልቀባው ብሎ ሲያሰላስል፣ የሚመርጠው ለዓይኑ ደስ የሚለውን ብቻ ይመስለው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ በቆርቆሮዎቹ ውስጥ ያሉት ቀለሞች እያንዳንዳቸው በአንድ ወቅት ችግር ወይም ግዴታ ያመጣቸው ናቸውና፣ ምርጫው ከታሪክ ነፃ ሊሆን አይችልም።

ሮቨር የተባለው ኩባንያ ከጦርነቱ በፊት ይታወቅ የነበረው ሐኪሞችና ጠበቆች በሚነዷቸው፣ ጭምትነትና ክብር በተላበሱ የቤት አውቶሞቢሎቹ ነበር። በኖቬምበር 1940 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጀርመን አውሮፕላኖች የኮቨንትሪን ከተማ በቦምብ በደበደቡ ጊዜ አሮጌው ፋብሪካው ክፉኛ ስለተጎዳ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሥራውን ሰብስቦ በበርሚንግሃም አቅራቢያ ወደምትገኘው ወደ ሶሊሃል፣ በዘመነ ጦርነት ለአውሮፕላን ሞተር ሥራ ወደታነጸው ሰፊ ፋብሪካ ተዛወረ። ቦታና ሠራተኛ ነበረው፤ ብረት ግን አልነበረውም። እንግሊዝ ድል አድራጊ ብትሆንም በዕዳ ተይዛ ስለነበር፣ መንግሥቷ ብረትን በራሽን እየመጠነ፣ ዕቃውን ወደ ውጭ ሸጦ የውጭ ምንዛሪ ለሚያስገባ ፋብሪካ አስቀድሞ ይሰጥ ነበርና፣ ለሀገር ውስጥ ባለጸጎች የሚሆን አውቶሞቢል ብቻ የሚሠራ ኩባንያ ተስፋው የመነመነ ነበር።

የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ በአንግልሲ ደሴት ላይ የእርሻ መሬት ነበራቸው፤ በዚያም ለሥራ የሚጠቀሙበት ከጦርነቱ የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ነበር። ይህ ጂፕ ባረጀ ጊዜ በምን እንደሚተኩት ከወንድማቸውና ከኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከስፔንሰር ዊልክስ ጋር ሲመክሩ፣ ለገበሬ የሚሆን፣ ወደ ውጭም የሚሸጥ ተሽከርካሪ በራሳቸው ፋብሪካ ለመሥራት ቆረጡ፤ በ1947ም ሞሪስ ዊልክስ በሬድ ዋርፍ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በአሸዋው ላይ የመጀመሪያውን ንድፍ ጫሩ ተብሎ ይተረካል። ብረት የታጣበት ያ ወራት የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ስለቀዘቀዙ አሉሚኒየም የተትረፈረፈበት ወራት ነበርና፣ ሻንሲው ከብረት ሆኖ፣ አካሉ በርማብራይት ከሚባለው፣ አሉሚኒየም ከማግኒዥየም ጋር ከተዋሐደበት ላሜራ ተሠራ። ላሜራውን ተጭኖ ቅርጽ የሚያወጣ ውድ መሣሪያ ለማሠራት ጊዜውም ገንዘቡም ስላልተገኘ፣ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ሪቬቱና ቡሎኑ በግልጽ የሚታይ፣ ክፍሉም ሁሉ እየተፈታ የሚነሣ ሆነ። አንባቢ ይህን በልቡናው ይያዝልኝ፤ ይህ ተሽከርካሪ እስከ ዛሬ በእጅ ሊቀባ የቻለው ድህነት በወለደው በዚህ ቅርጹ ምክንያት ነውና። በጠፍጣፋና በአጭር ገጽ ላይ ብሩሽ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ የብሩሹም ፈለግ፣ በተድቦለቦለና በሚያብረቀርቅ አካል ላይ እንደ ነውር የሚታየው፣ በዚህኛው ላይ ከሪቬቶቹ ጋር ተስማምቶ ይኖራል።

አርባ ስምንት የሙከራ ተሽከርካሪዎች ከተሠሩ በኋላ፣ ላንድ ሮቨር በኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። ዋጋው 450 ፓውንድ፣ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 80 ኢንች፣ የሞተሩም ጉልበት 50 የፈረስ ኃይል ያህል ነበር። ቀለሙ ግን አንድ ብቻ ነበረ፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። ይህ አረንጓዴ ለአውሮፕላን ነጂዎች ክፍል መቀቢያ ተዘጋጅቶ ጦርነቱ በማብቃቱ ከተረፈው ቀለም የመጣ ነው የሚለው ትውፊት ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ቆይቷል፤ አካሉ ከአውሮፕላን አሉሚኒየም ከሆነ ቀለሙም ከአውሮፕላን ቢመጣ የሚያስደንቅ አይደለም። ገዢው ይህን ወይስ ያንን ተብሎ አልተጠየቀም። በችግር ዘመን የነበረው ይበቃ ነበር፤ ለእርሻ መሣሪያ ደግሞ ከሣርና ከቅጠል ጋር የሚስማማ ቀለም አላነሰውም።

ብዙ ሳይቆይ ይህ ፈዛዛ ቀለም ለጠቆረ አረንጓዴ ቦታውን ለቀቀ። አዲሱ ቀለም እንግሊዞች ዲፕ ብሮንዝ ግሪን የሚሉት፣ በመንግሥታቸው የቀለም መዝገብ ውስጥ 224 የሚል ቁጥር የተሰጠው፣ የጦር ሠራዊታቸውም ተሽከርካሪዎች ከጦርነቱ በኋላ ይቀቡት የነበረው ነው። በጥላ ሥር ሲታይ ጥቁር ሊመስል ይቃረባል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ከውስጡ የወይራ ቅጠል የመሰለ ብርሃን ይወጣል። በእኔ ግምት ለላንድ ሮቨር ከተሰጡት ቀለሞች ሁሉ የዚህን ያህል የተስማማው የለም። ከ1954 ጀምሮ፣ ርዝመታቸው የጨመረ ሞዴሎች በወጡ ጊዜ፣ ግራጫና ሰማያዊ ታከሉ፤ ኋላም ላይምስቶን የተባለው፣ ወደ ኖራ ድንጋይ የሚያደላው ነጭ በጣሪያውና በቸርኬው ላይ የታወቀ ሆነ። ነጩ ጣሪያ ለጌጥ ብቻ የመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ኩባንያው አብዛኛውን ምርቱን ይሸጥ የነበረው ፀሐይ ወደሚበረታባቸው ሀገሮች ነበርና፣ ነጭ ቀለም ሙቀትን መልሶ እንደሚያንጸባርቅ ያውቅ ነበር። ለበረሃ ጉዞ በሚሸጡትም ላይ፣ በጣሪያው በላይ ሌላ ጣሪያ ደርቦ በመካከላቸው ነፋስ እንዲያልፍ አደረገ። የኢትዮጵያ አንባቢም ቢሆን ይህን ተሽከርካሪ በዓይኑ ያውቀዋል፤ የጠጠር መንገድ እንኳ ባልደረሰባቸው አውራጃዎች ውስጥ የመንግሥትን ሠራተኛ፣ ሐኪሙንና መድኃኒቱን ይዞ ሲገባ የኖረ ነውና።

ቀለም የማዕረግ ምልክት የሆነበትም ጊዜ ነበር። በ1951 ኩባንያው የቤተ መንግሥት ዕቃ አቅራቢነትን የክብር ፈቃድ ከንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ዘንድ አገኘ፤ ልጃቸው ንግሥት ኤልሳቤጥ ዙፋኑን ከወረሱ በኋላ በ1953 እና በ1954 በግዛቶቻቸው ባደረጉት ታላቅ ጉብኝት ጊዜም፣ ቆመው ሕዝቡን እጅ እንዲነሡበት የተዘጋጀው ላንድ ሮቨር የቤተ መንግሥቱን የወይን ጠጅ ቀለም ለብሶ ነበር። ይህ የእርሻ መሣሪያ የንግሥናን ልብስ ሲለብስ፣ የማይመጥነው ልብስ የለበሰ አይመስልም ነበር፤ ቅርጹ ትሑት በመሆኑ ቀለሙ ብቻውን ይናገር ነበርና።

በ1955 ደግሞ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የወጡ ስድስት ወጣቶች፣ ሁለት ላንድ ሮቨሮችን ይዘው በሴፕቴምበር 1 ቀን ከለንደን ተነሥተው በማርች 6 ቀን 1956 ሲንጋፖር ገቡ። በበርማ በኩል፣ ጫካ መልሶ በወረሰው የጦርነት ዘመን መንገድ ላይ ጭምር አልፈዋል። ሁለቱ ተሽከርካሪዎች በሌላ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ በቀለማቸው ግን አንዱ የኦክስፎርድን ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለተኛው የካምብሪጅን ፈዛዛ ሰማያዊ ተቀብተው ነበር፤ በየስማቸውም ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ተብለው ይጠሩ ነበር። ስለዚህ ያን ጉዞ የሚያፈቅር ሰው ዛሬ አሮጌ ላንድ ሮቨሩን ከሁለቱ ሰማያዊዎች በአንደኛው ሲቀባ፣ ለማን እንደሚወግን ሳይናገር ያስታውቃል።

ነገር ግን የብሩሽን ሥራ በሰፊው ያስተማረ ሠራዊቱ ነው። በወታደር ቤት፣ ቀለም ለመቀባት ተሽከርካሪን ወደ ልዩ ወርክሾፕ መላክ ሁልጊዜ የሚቻል ስላልነበረ፣ ወታደሩ ራሱ ቆርቆሮውን ከግምጃ ቤት አውጥቶ፣ ወፍራም ብሩሽ ይዞ፣ ጭቃው በደንብ ባልለቀቀበት ፓራፋንጎ ላይ ሳይቀር ይደርብ ነበር። አንጸባራቂው ጥቁር አረንጓዴ ጦር ሜዳ ላይ ዓይን ይስባል ተብሎ በኋለኞቹ ዐሥርት ዓመታት በማያንጸባርቅ አረንጓዴ ተተካ፤ በላዩ ላይ ጥቁር መስመሮች እየተሣሉ ቅርጹን ይሰባብሩት ጀመር፤ ቀለሙም በሌሊት መነጽር ለሚያይ ጠላት ከቅጠል እንዳይለይ፣ ዓይን የማያየውን ጨረር እንደ ዕፅዋት እንዲመልስ ሆኖ ይቀመም ገባ። በሰላም አስከባሪነት ለተላኩት ነጭ፣ በ1990 እና በ1991 ወደ ባሕረ ሰላጤው ጦርነት ለሄዱት የአሸዋ ቀለም ተደረበላቸው። ከሠራዊት የተሰናበተ ላንድ ሮቨር ገዝቶ በሩን በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው እነዚህን ሁሉ ተራ በተራ ያገኛቸዋል፤ አሸዋው ሲነሣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሲነሣ ጥቁር፣ ከሁሉ በታች አንጸባራቂው ጥንታዊ አረንጓዴ፣ በመካከሉም የማን እንደሆነ የማይታወቅ ከብሩሽ የወደቀ የፀጉር ዘለላ። የዚያን ወታደር ስም ማንም አልመዘገበውም፤ እጁ ግን አለ።

ስለ ሠራዊት ቀለም ከተነሣ ሮዝ ላንድ ሮቨርን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። በ1940 በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአንድ የጦር መርከቦች ቡድን አዛዥ የነበሩት ሎርድ ሉዊስ ማውንትባተን፣ በአንድ የመርከብ ጉዞ ላይ ሳሉ፣ ሰውነቷ ፈዛዛ ሐምራዊ የሆነች የንግድ መርከብ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድማ ከዓይን ስትሰወር አይተው፣ የራሳቸውን የጦር መርከቦች ግራጫ ከቀይ አፈር ጋር በተቀላቀለ ቀለም አስቀቡ። ይህ ቀለም በንጋትና በምሽት ቢረዳም በቀትር ጊዜ አጋላጭ ሆኖ ስለተገኘ በባሕር ላይ ብዙ አልቆየም፤ በበረሃ ግን አቧራውና ጭጋጉ ራሱ ወደ ሮዝ የሚያደላ ስለሆነ ሐሳቡ አልሞተም። በ1968 ለእንግሊዝ ልዩ ኃይል ሰባ ሁለት ላንድ ሮቨሮች በካምብሪጅ በሚገኘው በማርሻል ኩባንያ ለበረሃ ቅኝት ሲዘጋጁ፣ ሮዝ ተቀብተው የታወቁት እነዚህ ናቸው። ሰላማዊ ሰው ሮዝን ለሙሽራ ልብስ የሚሆን ለስላሳ ቀለም አድርጎ ሲያየው፣ የበረሃ ወታደር ነፍሱን የሚያድንበት መሸሸጊያ አድርጎ ያየዋል።

ብሩሹ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። አውቶሞቢል ከመፈጠሩ በፊት በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ሲቀባ፣ ሠረገላ ቀቢዎች በነጭ እርሳስ ከተዘጋጀ መጀመሪያ ቀለም ጀምረው፣ መሙያ ደርበው፣ በውኃና ፓሚስ በተባለው ድንጋይ እስኪለሰልስ ፈግፍገው፣ ቀለሙን በቀጫጭን ደረጃ ጨምረው፣ በመጨረሻም በተልባ ዘይት የተዘጋጀውን ቫርኒሽ አቧራ በማይገባበት ክፍል ውስጥ በለስላሳ ብሩሽ ያለብሱት ነበር፤ እያንዳንዱ ደረጃ እስኪደርቅ መጠበቅ ስለነበረበት ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎችም የተቀቡት በዚሁ እጅ ነው። ሄንሪ ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 የሞዴል ቲን ቀለም በጥቁር ብቻ የወሰነው ሥራው እንዲፋጠን ሽቶ ነበር፤ በ1923 ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በመሆን ዱኮ የተባለውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ባወጣ ጊዜ ግን፣ በመርጫ መሣሪያ ተነፍቶ በሰዓታት የሚደርቀው ይህ ቀለም ሰማያዊውንም ቀዩንም ለፋብሪካ ቀላል አደረገው። ከዚያ ወዲህ ሠረገላ ቀቢው ከአውቶሞቢል ፋብሪካ ወጣ። በእንግሊዝ ሀገር የቀረለት በመጓጓዣ ቦይ ጀልባዎች፣ በትርኢት ሜዳ መጫወቻዎችና በጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ ነበር፤ የቀሩት የእጅ ሥራ አዋቂዎችም በእነዚህ ላይ ጥበቡን አላስጠፉትም። ይህን ጥበብ ያለ ማስተዋል የጣልነው ይመስለኛል፤ ፍጥነት ያስፈለገው ለፋብሪካ እንጂ በጓሮው አንድ ተሽከርካሪ ለሚያድስ ሰው አልነበረምና።

አሮጌ ላንድ ሮቨርን በእጅ መቀባት ከምርጫ ይጀምራል፤ ምርጫውም ከምርመራ። ከመቀመጫው ሥር ባለው የመሣሪያ ሣጥን፣ ከዳሽቦርዱ በስተጀርባና በበሩ ማጠፊያ ሥር፣ ፀሐይም ብሩሽም ያልደረሱበት የመጀመሪያው ቀለም ሳይለወጥ ይገኛል። ይህን ካገኙ በኋላ መመለስ ወይም አለመመለስ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ሆኖም ሳይመለከቱ መቀባት ለእኔ መዝገብን ሳያነቡ እንደ መፋቅ ሆኖ ይሰማኛል። ሁሉንም ደረጃ እስከ ባዶ ላሜራ አስነሥቶ ዘመናዊ አንጸባራቂ ቀለም በመርጫ ማስነፋት የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ ውጤቱም ያምራል፤ ነገር ግን ያ ገጽ በ1948 ሶሊሃል ያወጣችው ገጽ አይደለም፣ ወታደሩ የተወውም አይደለም።

የአሉሚኒየም ላሜራ ከብረት የተለየ ጠባይ አለው። ለነፋስ ሲጋለጥ በላዩ የማይታይ ስስ ቅርፊት ስለሚፈጥር ቀለም አጥብቆ አይይዝም፤ ስለዚህ በአሲድ ገጹን ቆንጠጥ የሚያደርግ ልዩ መጀመሪያ ቀለም ያስፈልገዋል። ከአሽከርካሪው እግር ፊት ያለው ግድግዳ፣ የበሩም ውስጠኛ ክፈፍ ብረት ነው፤ ብረትና አሉሚኒየም በእርጥበት መካከል ሲገናኙ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ያወጣልና፣ በመካከላቸው ቀለም ወይም ማሸጊያ ካልገባ፣ ላዩ ያማረው ላሜራ በጠርዙ ይፈርሳል። ዝገቱን በጥንቃቄ ፍቆ ጸረ ዝገት ሳያስቀድሙ፣ ጎድጎድ ያለውንም በስቱኮ ሳይደፍኑ ኅብር ለመምረጥ መቸኮል ድካምን ከንቱ ያደርጋል። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግ ለሳንባ ክፉ ነው፤ በውኃ እያረጠቡ መፈግፈግና አፍንጫን መሸፈን ይገባል። በመርጫ የሚነፉት ዘመናዊ ባለ ሁለት ክፍል ቀለሞችም መርዛቸው ብርቱ ነውና በጓሮ ለሚሠራ ሰው ብሩሹ ለጤናው ጭምር ይሻላል።

የሚመረጠው ቀለም የሠረገላ ኢናሜል ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሹን ፈለግ ራሱ ለመሙላት ጊዜ ያገኛል። ሙቀት ሲበዛ ቶሎ ይጨማደዳል፣ ብርድ ሲበዛ ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ ለዘብ ባለ ቀን፣ ነፋስ በሌለበት፣ ወለሉን ውኃ ረጭቶ አቧራውን አስተኝቶ መጀመር ይገባል። ቀለሙ በጥቂት አኳራጅ ይቀጥናል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ በሩ ወይም ኮፋኖው፣ ይያዛል፤ በትንሽ ሩሎ ወይም በብሩሽ እኩል ከተዳረሰ በኋላ፣ ጠርዙ ሳይደርቅ፣ የብሩሹ ጫፍ ብቻ እየነካ በአንድ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይሳባል። ልምድ የሌለው እጅ ሁልጊዜ የሚበድለው በመመለስ ነው፤ እየደረቀ ያለውን ቀለም ለማረም ብሩሹን ሲመልስበት ጠባሳ ይተዋል፤ ያለፈውን ትቶ በሚቀጥለው ደረጃ ማረም ይሻላል። ከአንድ ወፍራም ደረጃ ሦስት ቀጫጭኖች ይበልጣሉ፤ በመካከላቸውም ገጹን በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ማለስለስ አይዘለልም። ቸርኬውና ጣሪያው በላይምስቶን ከተቀቡ የመስመሩ መለያ በወረቀት ማሸጊያ ሊሠራ ይችላል፤ የቀድሞዎቹ ሠረገላ ቀቢዎች ግን በእጃቸው ጽናት ብቻ ይሠሩት ነበር፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ዛሬም ሊሞክረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በጃንዋሪ 29 ቀን 2016 የጥንቱ ዓይነት ላንድ ሮቨር ለመጨረሻ ጊዜ ከሶሊሃል ወጣ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ኩባንያው የመጀመሪያውን አረንጓዴ የሚያስታውስ ግራስሚር የተባለ ቀለም ከነጭ ጣሪያ ጋር ለገዢዎች አቅርቦ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በዓለም ያሉት ሁሉ አሮጌ ሆነዋል፤ የሚቀባቸውም ፋብሪካ ሳይሆን ባለቤታቸው ነው። በእጅ የመቀባት አንድ ትልቅ ጥቅም ይኸው ነው፤ እሾህ ጎኑን ሲጭረው ወይም ድንጋይ ሲመታው ባለቤቱ ወደ ጠጋኝ ሳይሄድ በዚያው ብሩሽ ይጠግነዋል፣ ጥገናውም ከቀድሞው አይለይም። ኢናሜል ከላዩ የደረቀ ቢመስልም እስከ ውስጡ ለመጠንከር ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ በነዚያ ሳምንታት በሰም አለማሸትና በኃይለኛ ውኃ አለማጠብ ይገባል፤ የተረፈውንም ቀለም ከትልቁ ቆርቆሮ ወደ ትንሽ ዕቃ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ነፋስ እንዳይገባው ከድኖ፣ በክዳኑ ላይ የቀለሙን ቁጥርና የተቀባበትን ዓመት ጽፎ ማስቀመጥ ለሚቀጥለው ባለቤት የሚጠቅም ሥራ ነው።